በቀለም ጣሳ ውስጥ

ውሃ ከጠፋች ሦስት ቀን ሆናት፣
ጀሪካን ሁሉ አፉን ከፍቶ በር ላይ ተሰልፎላት፤
የገንደ ጋራ ንፋስ አቧራ ተሸክሞ ሲመጣ፣
የጎረቤት ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንጣጣ፣
እማዬ በርጩማ ጎትታ ጓሮ ተቀመጠች።
አጥሩን አየች።
በሩን አየች።
"ሸጉሪው" አለች።

ሸጎርኩት።

ከዚያ ሻሿን ፈታች።

ሃያ ዓመት ያላየሁት ራስ ነው።
በሠርግ የማይወልቅ ሻሽ፣ በተዝካር የማይላላ፣
ትራስ ላይ እንኳ አብሯት የሚያድር ጥላ።
ከግንባሯ ሽቅብ፣ ከጆሮዋ በላይ፣
ቆዳው እንደ ሸክላ ያብለጨልጫል ለፀሐይ፤
ጠጉሯ ወደ ኋላ ሸሽቶ መሐል አናቷ ላይ ተጠግቷል፣
የቀረውም ሳስቷል።

"ማን ወሰደው?" ልላት ነበር፤ ዋጥኩት።
አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ በር ሥር ቆሜ አየሁት፦
ካውያው ከሰል ላይ ግሎ፣ በቅባቷ ሲንጫጫ፣
ሹሩባው ቅንድቧን ሽቅብ ሲስብ፣ እሷ ጥርሷን ነክሳ፣
"አጥብቂው፣ ወር እንዲይዘኝ" ስትል፣
የመሠሪያዋን ብር ለደብተሬ ስትቆጥብ።

እሬቷ ከቧንቧው ሥር ናት፣ በአሮጌ ቀለም ጣሳ።
ቧንቧው ደርቋል፤ እሷ ደንታም የላት።
አዴ ሎሚ ናት በአጥር ያቀበለችን፤ "ሃርጊሳ" ትላታለች፣
"ቢጫው ሳይወጣ እንዳትነኪ፣ ያሳክካል" ብላኛለች፣
"መጀመሪያ ከጆሮዋ ኋላ ጥቂት ቀብተሽ እይ።"

የወፈረውን ቅጠል ቆረጥኩ፤ ብርጭቆ ውስጥ አቆምኩት፣
ቢጫ ደሙን እስኪጨርስ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት።
እሾሁን ከሁለት ጎን፣ ልጡን በቢላ ገፈፍኩ።
ውስጡ መስታወት ነው፤ እንደ ዓሣ ከእጅ ያመልጣል፤
በማንኪያ ፍቄ ሳህን ላይ ስጥለው
ቁራጭ ሰማይ ይዞ ይቀመጣል።

በሚዶ ጭራ ጠጉሯን ከፈልኩት፤
ባጃጅ እንደማይገባበት ሰፈር፣ ቀጭን ቀጭን መንገድ።
በጣቴ ሥጋ እንጂ በጥፍሬ አልነካሁም።
ትከሻዋ ወረደ።
"ይበርዳል" አለች።
ቆየችና ደግሞ፣ "ኧረ ይበርዳል።"

ላቤን ልጠርግ ስል ጣቴ ከንፈሬን ነካው።
ምላሴ ከእኔ ቀድሞ አወቀው።

ሳቀች። ሳትዞር፤ እንዴት እንዳየችኝ እንጃ።
"የድሮ ጠላትሽ ነው" አለች።
"ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሞልቶሽ፣ ጥርስሽ ሙሉ፣
ቆመሽ ትጠቢ ነበር፣ ሰዎች 'አስጥያት እንጂ' እያሉ።
ሰኞ ፋብሪካ ልገባ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ ደርሶኝ።
እሑድ ማታ ቅጠሉን ሰበርኩ፣ ጡቴን ቀባሁ።
መጣሽ። ጎረስሽ። ተፋሽ። አላለቀስሽም።
አየሽኝ ብቻ።
ከዚያ ወዲህ ስንቱ አይቶኛል፤ እንደዚያ ያየኝ ግን የለም።"

አላስታውስም። እጄ ግን ቆመ።
"አልፏል" ልላት ፈለግኩ፤ አፌ ገና መራራ ነው።
እሷ ያኔ ቅጠሉን አላቆመችውም ብርጭቆ ውስጥ፤
ጊዜ አልነበራትም። መራራውንም ነበር የፈለገችው።

ከሳህኑ ጨለፍኩ፤ ወደ ሌላው መንገድ ዞርኩ።
ያበቅላል አልላትም፤ ራስ እርሻ አይደለም።
ማሳከኩ ምናልባት ይተዋት ይሆናል፣
ሌሊት በሻሽ ላይ መፎከቱ ይቀርላት ይሆናል።

ከሱቅ የመጣ ሰማያዊ ፌስታል ራሷ ላይ አሰርኩ።
"ግማሽ ሰዓት" አልኳት።
እጄን ከላዩ ሳላነሳ እሷ አንቀላፋች፤
በንፋሱ ፌስታሉ ይንሿሿል።

ቧንቧው ሳለ።
መጀመሪያ አየር፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ቀጭን ንጹሕ።
ሰፈሩ ጮኸ፤ "መጣች! መጣች!" ባልዲ ከባልዲ ተላተመ፤
"እማዬ፣ ሳትሄድብን ልጠብሽ" ብዬ ብድግ ስል፣
ዓይኗን ሳትገልጥ እጄን ያዘች፤
ወደ ራሷ መልሳ አስቀመጠች።

"ትንሽ ይቆይ" አለች።